የታደሰ ካምቢዮ ዋስትና ከጋራዡ በር አልሻገር ብሏል

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንዲት ጠብታ ነው። ተፈትቶ ታጥቦ፣ ኩሽኔታው ተለውጦ፣ ቀለም ተቀብቶ የተገጠመ የገልባጭ መኪና ካምቢዮ ከጋራዥ በወጣ በሳምንቱ ወይም በአሥር ቀኑ፣ መኪናው ባደረበት ሥፍራ መሬቱ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል የዘይት ምልክት ትገኛለች። ሾፌሩ ያያል፤ ረዳቱ በጨርቅ ይጠርጋል። ለባለንብረቱ የሚነገረው ግን ከወር በኋላ፣ ማርሹ አልገባ ሲል ወይም ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሲጀምር ነው። ባለንብረቱ ወደ ጋራዡ ይደውላል። የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው፤ «ሲወስዱት ያፈስ ነበር ወይ?»

ሲወስዱት አያፈስም ነበር። ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ዋስትናው የተሰጠው በቃል በመሆኑ ለስንት ቀን እንደነበረ፣ የትኛውን የካምቢዮ ክፍል እንደሚሸፍን፣ ካምቢዮውን የማውረጃውንና የመስቀያውን የጉልበት ዋጋ ማን እንደሚከፍል፣ ሁለቱም ወገኖች የሚያስታውሱት እንደሚመቻቸው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ከጋራዥ ይልቅ በዕድር ቤት የሚሠራበት ይመስላል። ዕድሩ መዝገብ አለው፤ ስንትና ስንት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የካምቢዮ እድሳት ሥራ ግን መዝገብ የለውም።

የታደሰ ካምቢዮ ገበያ ዛሬ አቅም ያነሰው ሰው ብቻ የሚሄድበት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተተኮሰ። ስለዚህ ባለንብረቱ መኪናውን ከመለወጥ ይልቅ ያለውን ማቆየት፣ አዲስ ካምቢዮ ከማስመጣት ይልቅም የነበረውን ማሳደስ ወይም ሶማሌ ተራ ወርዶ ከፈረሰ መኪና የወጣ ካምቢዮ መፈለግን ይመርጣል። ይህ ምርጫ በራሱ ስሕተት የለበትም። በትክክል የታደሰ ካምቢዮ ረዥም ዘመን ያገለግላል። ችግሩ በትክክል የታደሰውንና ታጥቦ ቀለም የተቀባውን በዓይን መለየት አለመቻሉ ነው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ የሚያጋልጠው ኦይል ሲል ነው። ከካምቢዮው ዕቃዎች መካከል ከርካሾቹ አንዱ ይኸው ጎማ ነው፤ ካምቢዮውን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሒሳቡን መሥራት አይከብድም። ሃያ ጠብታ ዘይት አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። በየአሥር ሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ካምቢዮ በሰዓት 360 ጠብታ፣ ማለትም 18 ሚሊ ሊትር ያፈሳል። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን የሚሠራ ገልባጭ በዚህ አኳኋን በወር ከአራት ሊትር ተኩል በላይ ዘይት ያጣል። የከባድ መኪና ካምቢዮ በጠቅላላው የሚይዘው አሥር፣ አሥራ ሁለት ሊትር ያህል ነው። በጋራዥ ቋንቋ «ትንሽ ያልበዋል እንጂ አያፈስም» የሚባለው ካምቢዮ፣ ጨማሪ ካላገኘ፣ በሁለተኛው ወር ላይ ዘይቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ከላይ ያሉት ኩሽኔታዎችና ጥርሶች ደርቀው ይሠራሉ ማለት ነው።

የሚያፈሰው የፊተኛው ሲል ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ከሞተሩ በሚመጣው ዘንግ ዙሪያ ያለው ይህ ሲል ዘይቱን የሚለቀው ወደ ፍሪሲዮኑ ክፍል ስለሆነ፣ ዲስኩ ዘይት ይጠጣና ጭነት መያዝ ያቅተዋል። የኋላውን ሲል ካምቢዮው ሳይወርድ መለወጥ ይቻላል። የፊተኛውን ለመለወጥ ግን ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ነው። ለአንዲት ጎማ ሲባል መኪናው ይቆማል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሥራ ይፈታሉ፤ የባንክ ብድር ያለበት ባለንብረት ደግሞ ወለዱ የመኪናውን መቆም አይጠብቅለትም።

ሲሉ ለምን ያፈሳል ሲባል «ጎማ አይደል፣ ያልቃል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እውነቱ ከዚህ ይርቃል። ኦይል ሲል በብረት ቀለበት ውስጥ የተቀመጠ የጎማ ከንፈር ነው፤ ከንፈሩን ቀጭን የሽቦ ስፕሪንግ ከዘንጉ ላይ ይጫነዋል። በከንፈሩና በዘንጉ መካከል አቧራ ሲገባ፣ ለዓመታት የተሽከረከረ ዘንግ ላይ በጣት ጥፍር የሚታወቅ ቦይ ይቀራል። በዚያ ቦይ ላይ የሚገጠም አዲስ ሲል፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሲሉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ገፋ አድርጎ ባልተበላው ቦታ ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም ዘንጉ ላይ ስስ የብረት እጅጌ ማልበስ፣ ወይም ዘንጉን ማስሞላትና ማስላጥ።

እዚህ ላይ ቶርኖ ቤቱም ድርሻ አለው። ቶርኖው በዘንጉ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ ያለ ጠመዝማዛ ጭረት ትቶ ከሄደና ጠመዝማዛው ወደ ውጭ ካደላ፣ ያ ጭረት ዘንጉ በዞረ ቁጥር ዘይቱን እንደ ፓምፕ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ለዚህ ነው የሲል መቀመጫ በመሞረጃ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ወደ ጎን ሳይሄድ እንዲጨረስ የሚፈለገው። የተለመደው መመሪያ የሚጠይቀው የገጽ ሻካራነትም ከ0.2 እስከ 0.8 ማይክሮን ነው። ከዚህ በላይ የሻከረ ዘንግ ጎማውን ይበላዋል፤ ከዚህ በታች የለሰለሰም ለከንፈሩ የሚያስፈልገውን ስስ የዘይት ሽፋን አይዝም። ብዙ ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ጥሩ ነው ብሎ የሚያስብ ደንበኛ ይህን ቢሰማ ይገርመው ይሆናል።

ሌላም አለ። ኩሽኔታው የላላ ዘንግ ሲሽከረከር ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘ ዘንግን የሚከተል የጎማ ከንፈር የለም። ስለዚህ ኩሽኔታ ሳይለወጥ ሲል ብቻ የተለወጠለት ካምቢዮ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ከንፈሩ ቅባት ሳይቀባ በደረቁ የተገጠመ ሲል በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይቃጠላል። በመዶሻ ጠርዝ እየተመታ የገባም ጠርዙ ይጣመማል። ሱቅ ውስጥ ፀሐይ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማ ደግሞ ሳይገጠም ያረጃል። ስለ ጎማ ዕቃዎች አቀማመጥ የወጣው አይኤስኦ 2230 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለተለመደው የኒትራይል ጎማ የሚሰጠው የመጀመሪያ የመደርደሪያ ዕድሜ 7 ዓመት ነው፤ ያውም በቀዝቃዛና ጨለማ ሥፍራ ተቀምጦ። ሲል ሲገዛ የተመረተበትን ዓመት የሚጠይቅ ስንት ገዢ ይኖር ይሆን?

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን መተንፈሻው ነው። ካምቢዮ ሲሠራ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም ሲሞቅ ይሰፋል። የሰፋው አየር የሚወጣበት ከላይ በኩል አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለች። ከአስፋልት በማይወጣ መኪና ላይ ብዙ አታስቸግርም። በድንጋይ ካባ፣ በመንገድ ሥራ ቦታና በእርሻ ጭቃ ውስጥ ለሚውል መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። አቧራና ጭቃ ከዘይት ጋር ተለውሶ መተንፈሻዋን ሲደፍናት፣ የታመቀው አየር ዘይቱን ይዞ በደካማው በር፣ ማለትም በሲሉ በኩል ይወጣል። ሲሉ ምንም ጥፋት የለበትም። ጋራዡ ሲል ይለውጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ያፈሳል፤ እንደገና ይለወጣል። ሦስተኛው ላይ ባለንብረቱና መካኒኩ መነጋገር ያቆማሉ።

ውኃ ሲገባበት ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል። በአፋር ሙቀት ሲሠራ የዋለ ካምቢዮ በድንገት የደራሽ ወንዝ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይሸማቀቅና ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻዋ ከውኃው በታች ከሆነች ወይም ከተደፈነች፣ በእሷ ወይም በሲሉ ከንፈር በኩል ውኃና ደለል ይገባል። በማግሥቱ ዘይቱ የቡና በወተት መልክ ይዞ ሲገኝ የሚወቀሰው ያው እድሳቱ ነው። ከመተንፈሻዋ ላይ ቱቦ ቀጥሎ ወደ ጋቢናው ከፍታ ማውጣት ብዙ የማይጠይቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በጋምቤላ ክረምት ለሚሠራ መኪና ካምቢዮ ያደሰ ጋራዥ ይህን ለደንበኛው ሳይነግር መሸኘቱ ያሳዝናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኞቹ ካምቢዮው ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋበት ሰዓት የሚታዩ ናቸው። ዘንጉ ላይ ቦይ አለ ወይስ የለም? ኩሽኔታው ተለወጠ ወይስ ታጥቦ ተመለሰ? መተንፈሻው ይነፋል? ዋስትና መሰጠት የሚገባው፣ ቢያንስ መጻፍ የሚጀምረው፣ በዚያን ሰዓት ነበር። በተግባር ግን ዋስትና የሚነሳው ካምቢዮው ተዘግቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ገንዘብ ሲቆጠር ነው። ያኔ የሚባለው «የሦስት ወር ጋራንቲ አለው» ውስጡ ምን እንዳለ የማያውቅ ጋራንቲ ነው።

የዚህ ዓይነት ገበያ ወዴት እንደሚያመራ የኢኮኖሚ ምሁራን ቀደም ብለው ተናግረዋል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ ዋጋውን አጥቶ ከገበያ እንደሚወጣና መጥፎው እንደሚቀር አሳይቷል። ለዚህና ለተያያዙ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በካምቢዮ እድሳት ሥራ ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘንግ አስሞልቶ፣ ኩሽኔታ ለውጦ፣ ጥሩ ሲል ገዝቶ የሚያድስ መካኒክ የሚጠይቀው ዋጋ ከአጠገቡ አጥቦ ቀለም ከሚቀባው ይበልጣል። ደንበኛው ሁለቱን መለየት ስለማይችል ርካሹን ይመርጣል። ሁለቱም የሚሰጡት ዋስትና የሦስት ወር የቃል ጋራንቲ ስለሆነ፣ ዋስትናው ራሱ መለያ መሆኑ ቀርቷል። ጥሩው መካኒክ ወይ ጥራቱን ይቀንሳል፣ ወይ ሥራውን ትቶ ሌላ ይፈልጋል። በዚህ የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በኢንዱስትሪ ደረጃ የሚሠራ ነው። ካተርፒላር የተሰኘው የከባድ መሣሪያዎች አምራች እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው የእድሳት ሥራ የሚመራው በአሮጌው ዕቃ ምላሽ ነው፤ ደንበኛው ያረጀውን ይመልሳል፣ የታደሰውን ባነሰ ዋጋ ይወስዳል። አሮጌ ካምቢዮ ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ጨምሮ፣ የታደሰ መውሰድ አዲስ አበባም ላይ የማይታወቅ ንግድ አይደለም። ልዩነቱ እዚያ ዕቃው ከቁጥሩና ከጽሑፍ ዋስትናው ጋር ይጓዛል፤ እዚህ ግን ቁጥሩን የሚመዘግብ የለም።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያይም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ረዳቱ ጠብታዋን በጨርቅ ጠርጎ ዝም ባለባት ቀን የባለንብረቱ መብት መሸርሸር ጀመረ ማለት ይቻላል። የራሱን ካምቢዮ አስፈትቶ ያሳደሰ ሰው ደግሞ ዕቃ አልገዛም፤ ሥራ ነው ያሠራው፤ ይህም በሕጉ በሌላ ክፍል የሚታይ ውል ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማች ያለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ስለሆነ፣ ለጭነት ሥራ ካምቢዮ የሚገዛው ባለ ገልባጭ ከዚያ ጥላ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ባለንብረቱን የሚጠብቀው ራሱ የፈረመው ወረቀት ነው። ያንን ነው የሌለው።

በዚህ ላይ የጋራዦቹም ስሞታ ሊደመጥ ይገባዋል። ጥሩ ሥራ ሠርተው የሰጡት ካምቢዮ በሰው እጅ ምን እንደሚደርስበት አያውቁም። አንዳንድ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሹን ኒውትራል አድርጎ ረዥም ቁልቁለት ይለቀዋል። የተበላሸ መኪና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ሳይፈታ ሞተሩ ጠፍቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጎተታል። ጎማው የኋላውን ዘንግ ያዞራል፤ ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጩት ጥርሶች ግን ቆመዋል። እንዲህ የተጎተተ ካምቢዮ ሲፈታ ኩሽኔታዎቹ በሙቀት ሰማያዊ ሆነው ይገኛሉ። ዘይቱም እንዲሁ ነው። ጂኤል-4 የሚል ዘይት የሚፈልግ ካምቢዮ ውስጥ ለዲፈረንሻል የሚሆነው ጂኤል-5 ሲጨመር፣ በውስጡ ያሉት የሰልፈር ቅመሞች የነሐስ ቀለበቶችን ሊበሉ ይችላሉ። በእንዲህ ያለው ጉዳት ጋራዡ ይክፈል ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ይሁን እንጂ ጋራዡ ራሱን የሚከላከልበት ማስረጃም ያው ወረቀት ነው። የትኛው ዘይት ስንት ሊትር እንደተሞላ፣ መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበረ፣ በብሎኖቹ ላይ ምልክት የተደረገበት ቀለም ሳይነካ እንደወጣ የተጻፈ ከሆነ፣ ማን እንደከፈተውና ማን እንዳቃጠለው መከራከር አያስፈልግም።

አንዳንዶች የጽሑፍ ዋስትና ዋጋ ያስወድዳል ይላሉ። ያስወድዳል፤ ማስወደድም አለበት። ጋራዡ ሁለት ዋጋ ቢናገር ነውር የለውም፤ አንዱ ከጽሑፍ ዋስትና ጋር፣ ሌላው ያለ ዋስትና። ደንበኛው ያኔ የሚገዛውን ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ጋራዡ በገዛ ሥራው ላይ ምን ያህል እንደሚተማመን ይናገራል። ልዩነቱ ከእድሳቱ ዋጋ ግማሽ ከሆነ፣ ካምቢዮው ተመልሶ እንደሚመጣ ከወዲሁ የሚያውቅ ጋራዥ ነው።

ወረቀቱ ብዙ ገጽ አያሻውም። የካምቢዮው ቁጥር፣ የሲል መቀመጫዎቹ ሁኔታ፣ የተለወጡት ኩሽኔታዎችና ሲሎች፣ የዘይቱ ዓይነት ከተጻፈ ይበቃል። ዋስትናው በወር ብቻ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ወይም በሥራ ሰዓት መቆጠር አለበት፤ ድንጋይ ካባ ውስጥ የሚውል ገልባጭ በወር ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ከባድ ሥራ ይሠራልና። ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ የመጀመሪያው ምላሽ ነው። መኪናው ሥራ ከጀመረ ከ1000 ኪሎ ሜትር ወይም ከ50 ሰዓት በኋላ ተመልሶ በነፃ ቢታይ፣ የዘይቱ ልክ ይለካል፣ መተንፈሻው ይነፋል፣ ማፍሰሻው ላይ ያለው ማግኔት ይወጣል። ማግኔቱ ላይ እንደ ቅባት ያለ ለስላሳ የብረት ልቃቂ ቢገኝ አዲስ ዕቃዎች ሲላመዱ የሚያመጡት ነው። ስባሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው ገና ሳይሞት ይፈታል። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ባለንብረቱም መኪናውን ለዚያች ሰዓት ከሥራ ካላስወጣ ዋስትናው ይቅርበት ቢባል አግባብ ነው።

በወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ መታለፍ የሌለበት አንድ መስመር አለ። ብዙ ጋራዦች «ሲሉን በነፃ እንለውጣለን» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ሲሉ ርካሽ ነውና። የፊተኛው ሲል ሲያፈስ ግን ወጪው ካምቢዮውን ማውረዱ፣ የፈሰሰው ዘይት፣ ዘይት የጠጣው የፍሪሲዮን ዲስክ፣ መኪናው ከሩቅ ሥራ ቦታ ከሆነ ደግሞ የመጎተቻው ዋጋ ነው። ጥፋቱ የእድሳቱ ሆኖ ሲገኝ እነዚህን ማን ይከፍላል የሚለውን ባለንብረቱ የመጀመሪያውን ቀብድ ከመቁጠሩ በፊት ይጠይቅ፤ መልሱንም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስጽፍ።